የመቃብር ቦታዎችንና ፍርስራሾችን በዋይድ አንግል ሌንስ ስለ ማንሳት

ዋይድ አንግል ሌንስ (ሰፊ እይታ የሚይዝ ሌንስ) ሁሉን ነገር በአንድ ፎቶ ለማጨቅ የተሠራ የሚመስለው ሰው፣ ከመቃብር ቦታ ይዞ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ሰፊ ሰማይ፣ ባዶ ሣርና ወዲያ ማዶ የተበታተኑ ትንንሽ ድንጋዮችን ነው። ይህ ሌንስ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያሳንሳል፤ ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ከፊት የሚሆነውን አንድ ነገር መርጦ ወደ እርሱ መጠጋት ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ በሆነው) ከ16 እስከ 24 ሚሊሜትር ያለው ይበቃል፤ ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ያለውም አብሮት በሚሸጠው 18-55 ሌንስ፣ በ18 ላይ አድርጎ፣ ሊጀምር ይችላል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ያሉትን መቃብሮች ለማንሳት አስቀድሞ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ቀብር ወይም የሙታን ጸሎት ካለ ካሜራው ከቦርሳ አይወጣም፤ ለተሻለ እይታ ተብሎም መቃብር አይረገጥም።

ፈቃድ ከተገኘ በኋላ በርከክ ብሎ ሐውልቱን ክንድ ያህል ርቀት ላይ ማድረግ ነው። ከመስታወት ሥር ያለው የሟች ፎቶግራፍ፣ በተቀረጸው ፊደል ውስጥ የበቀለው የድንጋይ ሽበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ያኔ በጉልህ ይታያሉ፤ ሌሎቹ መቃብሮች ደግሞ ከኋላ ተደርድረው ጥልቀት ይሰጣሉ። በ20 ሚሊሜትር ሌንስና በኤፍ 11 (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ፎከሱ 1.2 ሜትር ገደማ ላይ ከተደረገ ከ60 ሴንቲሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ጥርት ይላል። ኤፍ 22 ግን የምስሉን ጥራት ስለሚያደበዝዝ አይመከርም።

የተቀረጸ ጽሑፍ የሚነበበው ብርሃን ከጎን ሲመታው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የፊደሉ ጥላ ጠፍቶ ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል፤ የራስ ጥላና የትሪፖዱ እግር በፎቶው ጠርዝ እንዳይገቡ ግን በዚያ ሰዓት በተለይ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከፍርስራሾች እኔ የማስቀድመው በየካ ተራራ ላይ ያለውን፣ ከአለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ነው። በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር በበጋ መሄዱ ይመረጣል። ጣሪያው በመፍረሱ ጥላ የዋጠው ግድግዳና የሚያንጸባርቅ ሰማይ በአንድ ፎቶ ይጋጠማሉና፣ ካሜራውን በትሪፖድ አቁሞ አንዱን በመካከለኛ ብርሃን፣ አንዱን ሁለት ስቶፕ አጨልሞ፣ ሌላውን ሁለት ስቶፕ አብርቶ አንስቶ በኋላ ማዋሃድ ይቻላል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ካሜራው ወደ ላይ ካዘነበለ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ሊወድቁ የተቃረቡ ይመስላሉ፤ ስለዚህ ውኃ ልኩን አስተካክሎ፣ የግድግዳው ጫፍ ከተቆረጠ ወደ ኋላ መሸሽ ይሻላል። ሰማዩን ለማጥቆር ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) መግጠምም በዚህ ሌንስ አያዋጣም፤ ግማሹን ሰማይ አጥቁሮ ግማሹን አገርጥቶ ይተወዋል።

በቅርቡ ያረፈ ሰው ስምና ገጽ በግልጽ የሚታይበትን ፎቶ በኢንተርኔት ከመልቀቅ በፊት የቤተሰቡን ፈቃድ መጠየቅ፣ ካልተገኘም ጽሑፉ የማይነበብበትን ሌላ ፎቶ መምረጥ ተገቢ ነው።