ፓወር ሰፕላይን በተረፈ ብር አትግዙ፦ ጌሚንግ ፒሲ ስንገጣጥም የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ የኮምፒውተሩን ኬዝ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ገና በሩ ላይ ሆኖ «ብሮ፣ ጂፒዩው ነው መሰለኝ የሞተው» አለኝ። ጂፒዩ የሚለው ምስሉን የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱን አልነካሁትም። ጎንበስ ብዬ የኬዙን ጀርባ አሸተትኩ። አዎ፣ አሸተትኩ። ፓወር ሰፕላዩ፣ የግድግዳውን መብራት ለዕቃዎቹ ሁሉ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ያለው እዚያ ነው። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ሽታ አንዴ አፍንጫ ውስጥ ከገባ አይረሳም፤ ፕላስቲክና የቆየ ዓሣ አብረው ያረሩ ይመስላል።

«ይሄን ፓወር ሰፕላይ በስንት ገዛኸው?»

«እሱ? እሱማ ከኬዙ ጋር የመጣ ነው።»

ይሄን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው።

ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ብር ያጠራቅማል። ከብሩ ግማሹ ለግራፊክስ ካርድ ይሄዳል። ከቀረው ላይ የኮምፒውተሩን አንጎል ፕሮሰሰር፣ ሁሉም የሚሰካበትን ማዘርቦርድ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻውን ራም ይገዛል። ከዚያ ባለመስታወት ኬዝ፣ ሦስት ባለቀለም ፋን። መጨረሻ ላይ ለሻይ የማትበቃ ብር ትቀርና «በሷ ፓወር ሰፕላይ ፈልግልኝ» እባላለሁ። ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ዕቃ የሚበላው ከዚህች ሳጥን እኮ ነው!

«500 ዋት ይላል እኮ» ትሉኛላችሁ። ይላል። ወረቀት ምን የማይለው አለ? ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ እዩና በ12 አባዙት። የቅዳሜው ልጅ ሳጥን 18 አምፔር ይላል። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። ፕሮሰሰሩም ካርዱም ዋናውን ጉልበት የሚስቡት ከዚህ መስመር ነው። የልጁ ካርድ አርቲኤክስ 3060 ነው፤ ጨዋታ ላይ ብቻውን 170 ዋት ድረስ ይወስዳል። ለቀረው ሁሉ የተረፈው 46 ዋት ነው ማለት ነው። እሱም ወረቀቱ እውነት ከተናገረ።

በዚያ ላይ ደግሞ የኛ መብራት አለ። ጎረቤት ምጣድ ስትጥድ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁ የለ? ኮምፒውተራችሁም ያየዋል። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቀስ ብሎ አይመጣም፣ ዘሎ ነው የሚመጣው። ደህና ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ራሱን ያጠፋል፣ ቢሞትም ብቻውን ይሞታል። ርካሹ ግን ሲሞት ጎረቤቱን ይዞ ነው። የቅዳሜው ልጅ ካርዱ በተአምር ተርፏል፤ ማዘርቦርዱ ግን አብሮ ሄዷል። በፓወር ሰፕላይ ያተረፋት ብር ስንት እንደነበረች ልጠይቀው ፈልጌ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ግዙ። ለመካከለኛ ካርድ የታወቀ ብራንድ 550 ወይም 650 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ይሁን። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ጥሩ ነው፣ ግን የሚመሰክረው መብራት እንደማያባክን እንጂ እንደማይቃጠል አይደለም። እኔ አሁንም በእጄ አንስቼ እመዝነዋለሁ። ባዶ ካርቶን የሚመስል ከሆነ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን፣ ከገዛችሁ ደግሞ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከ400 ዋት በታች ናቸው። ጨዋታውን ሴቭ አድርጋችሁ እንድትዘጉ ነው እንጂ መብራት እስኪመጣ እንድትጫወቱበት አይደለም።

ከፓወር ሰፕላይ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፣ 115 እና 230 የሚል የተጻፈባት። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ከሆነ 115 ላይ ሆና ልትመጣ ትችላለች። ግድግዳችን ላይ ያለው 220 ነው። አንዴ ሳላይ ሰካሁት። ቤቱ የደንበኛዬ ነው፣ እናትየው ቡና አቅርበው፣ ፈንዲሻ በትነው፣ ሁላችንም ከበን እያየን ነበር። «ጧ!» ብሎ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። እናትየው ስኒያቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ ሲጀምር እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ሲጨርስ ነው» አልኳቸው። የከፈልኩት እኔው ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማብሪያዋን ሳላይ ሰክቼ አላውቅም።

ኬዙን ስትነኩ ጣታችሁን ይነዝራል? ብዙ ሰው ደውሎ «ዕቃው ሾርት አድርጓል» ይለኛል። ብዙውን ጊዜ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የአፈር መስመር የለም፣ ወይም ባለ ሦስት እግሩ ስፒና በአስማሚ በኩል ሁለት እግር ሆኖ ገብቷል። ወደ መሬት መውረድ የነበረባት ትንሽዬ ኮረንቲ ኬዙ ላይ ተቀምጣ እናንተን ትጠብቃለች። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሳዩ። ዲቫይደር መቀያየር ምንም አይፈይድም።

ሌላው፣ ከሞዱላር፣ ማለትም ኬብሉ ከሚነቀል፣ ፓወር ሰፕላይ ጋር የመጣ ኬብል ለሌላ ፓወር ሰፕላይ አይሆንም። ቢገባም አይሆንም። ጫፉ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ያለው የሽቦ አቀማመጥ ግን ከብራንድ ብራንድ ይለያያል፣ የሁለት ዓመት ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ሃርድ ዲስክ በዚህ ሲጨስ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት። ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ላይ የሚገባ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር እግሮቹ ያሉት ራሱ ላይ ነው፣ 1331 ጥቃቅን የወርቅ ፀጉር። ኩለሩን፣ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ፣ ለማውጣት ወደ ላይ ሳብኩት። ሙቀት እንዲያስተላልፍ በሁለቱ መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞት ስለነበር ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ መቆለፊያ ተላቆ አብሮ ወጣ። ወጥቶ ቢቀር ጥሩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አንዱ ጥግ ላይ ያሉት እግሮች እንደተጋደመ ጤፍ ተኝተዋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ በስልክ መብራት፣ በኤቲኤም ካርድ ጠርዝና በስፌት መርፌ አንድ በአንድ አቃናኋቸው። ትንፋሼን ይዤ ሰካሁት፣ ተነሳ። ያን ቀን ያላለቀስኩት ሰው ስለነበረ ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርቶ ፔስቱን ማሞቅ፣ ማጥፋትና ከመብራት መንቀል፣ ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያዟዟሩ ማላቀቅ። አዲሶቹ ኤኤም5 ላይ ግን እግሮቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው፣ እንደ ኢንቴል። እዚያ ደግሞ ሶኬቱን በጣት መንካት ነው ክልክሉ።

የኩለሩ ሥር የተለጠፈችውን ፕላስቲክ ላጡ። ተጽፎባታል፣ «አንሳኝ» ትላለች፣ ግን ማን ያነባል።

ራም ላይ ሁለት ነገር። 16 ጊጋ ከፈለጋችሁ ሁለት ስምንት ስምንት ግዙ እንጂ አንድ 16 አትግዙ፤ ሁለቱ በሁለት መንገድ ነው የሚያመላልሱት። ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ ካለው ደግሞ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ አብዛኛው ቦርድ ላይ ቦታቸው ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ጎን ለጎን አትሰኳቸው። ከሰካችሁ በኋላ ባዮስ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ፣ ገብታችሁ ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያስሮጠውን ኤክስኤምፒ አብሩ፣ አዲሱ የራም ዓይነት ዲዲአር5 በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ከሆነ ኤክስፖ ይባላል። ካላበራችሁት 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ብዙውን ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሮጠው። ዓመት ሙሉ እንደዚያ የተጫወተ ሰው አውቃለሁ። 144 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚያድስ፣ ስክሪን ገዝቶ ዊንዶውስ ውስጥ 60 ላይ ትቶት የኖረም እሱው ነው። ደግ ሰው ነው፣ ወዳጄ ነው፣ ስሙን አልጠራም።

ስትገዙ የመግጠም ነገር አለ። ዲዲአር4 ራም ዲዲአር5 ቦርድ ላይ አይገባም። ለ12ኛ ትውልድ ኢንቴል የሚሆኑ ቦርዶች በሁለቱም ዓይነት ስለሚመጡ ካርቶኑን ሳታነቡ አትክፈሉ። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ም እንደዚያው፣ ጂ ያለው 5600ጂ ግን አለው። «ካርዱን በኋላ እገዛለሁ፣ ለጊዜው በፕሮሰሰሩ እጫወታለሁ» የምትሉ ይህችን ፊደል ካላያችሁ ጥቁር ስክሪን ነው የምትጫወቱት።

ያገለገለ ካርድ። መስከረም 2015 ላይ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ፣ ማይኒንግ የሚሉት፣ ሲቀር የማይኒንግ ካርድ ዓለምን አጥለቀለቀ፣ ወደኛም መጥቷል። ማይኒንግ የሠራ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ፋኑ የደከመ፣ ፔስቱ የደረቀ ሊሆን ይችላል፣ ይታደሳል። እኔ የምፈራው ሐሰተኛውን ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል፣ ውስጡ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው አሮጌ ቺፕ ነው፣ ሶፍትዌሩ ተለውጦ ስሙን እንዲዋሽ ተደርጓል። ዊንዶውስም ያምነዋል። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ክፈቷት፤ ሐሰተኛውን ብዙ ጊዜ ራሷ ታጋልጠዋለች። ሻጩ «አይቻልም» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ልጆች ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ቁጥር ይዘው መጥተው ይከራከሩኛል። «ፈረንጁ ጋ 65 ዲግሪ ነው፣ እኔ ጋ ለምን 72 ሆነ?» አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ትንሽ ብትሞቅ ብርቅ አይደለም። ፊት ለፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ አትግዙ እንጂ። አቧራውን ደግሞ በየሁለት በየሦስት ወሩ አራግፉት፣ በተለይ መንገዱ ኮረኮንች የሆነ ሰፈር ያላችሁ።

ኬዙን ሳትዘጉ፣ ብሎኑን ሁሉ ሳታጠብቁ አንዴ አብሩትና እዩት። እኔ ዛሬም ማዘርቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጬ ነው መጀመሪያ የማስነሳው።

የመጨረሻው ስህተት ማታ አራት ሰዓት ላይ በስልክ ነው የሚመጣው። የሐሙስ ዕለቱን ልንገራችሁ።

«ጋሼ፣ ካርዱ ፌክ ነው። በሰከንድ 20 ፍሬም ብቻ ነው የሚሰጠኝ።»

«የስክሪኑን ኤችዲኤምአይ የት ነው የሰካኸው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ነዋ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የት? ላይ፣ ዩኤስቢዎቹ ጋ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው ወይስ ታች፣ ካርዱ ላይ? ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ነው የተቀመጠው።»

ዝም አለ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ከዚያ ኬብል ሲነቀል፣ ሲሰካ።

«ጋሼ ደህና እደሩ» አለና ዘጋው።