የድምፅ ፋይል ኦዳሲቲ ላይ አልከፈትም ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የድምፅ ማረሚያው ፕሮግራም ኦዳሲቲ የፋይሉን ዓይነት አላወቅሁትም ብሎ ሲመልስዎት ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደህና ሆኖ የጎደለው ፕሮግራሙ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፕሮግራሙ ደህና ሆኖ ፋይሉ ግማሽ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ኢንተርኔት ላይ መቀየሪያ ፍለጋ መግባት ዳታ ያስጨርሳል እንጂ የትም አያደርስም።

ስለዚህ መጀመሪያ የፋይሉን ኮፒ ያውጡና ዋናውን አይንኩት። ቀጥሎ መጠኑን ይዩ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ስቴሪዮ ዌቭ፣ ማለት ያልታመቀ የድምፅ ፋይል (44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት)፣ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ደግሞ በደቂቃ 1 ሜጋባይት አይሞላም። የአንድ ሰዓት ስብከት ነው የተባለ ዌቭ 635 ሜጋባይት አካባቢ መሆን ሲገባው 40 ኪሎባይት ከሆነ ነገሩ ገና ሳይከፈት ታውቋል። ከዚያ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ያጫውቱት። ቪኤልሲ ኮዴኮቹን (ድምፅን የሚያምቁና የሚፈቱ ስልቶችን) ይዞ ስለሚመጣ ኦዳሲቲ የማይችለውን ብዙ ነገር ይከፍታል። ሲጫወት ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ቢጫኑ የኮዴኩን ስም፣ ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ የተወሰደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) እና የቻናሉን ቁጥር ያሳይዎታል። ይጻፉት፤ ኋላ ይፈለጋል።

ከቴሌግራም ወይም ከስልክ የመጣ ነው፤ ቪኤልሲ ይጫወታል፣ ኦዳሲቲ እምቢ ይላል

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ነው። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሲቀመጥ ቅጥያው (ከፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥቧ በኋላ ያለው) ኦጂጂ ይሆናል፤ ውስጡ ያለው ግን ኦፐስ የሚባል ኮዴክ ነው። ኦጂጂ ሲባል ቮርቢስ የሚባለውን ሌላ ኮዴክ ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይሳሳታል። የዋትስአፕም ኦፐስ ነው፣ ቅጥያው ራሱ ኦፐስ ይላል። የአይፎን ቮይስ ሜሞ ኤም4ኤ ሲሆን ውስጡ በተለምዶ ኤኤሲ ነው። የቆዩ ስልኮች ደግሞ ኤኤምአር ወይም 3ጂፒ ያወጣሉ።

ቅጥያውን ወደ ኤምፒ3 ወይም ወደ ዌቭ ቀይሮ መጻፍ ምንም አይፈይድም። የሽሮ ዕቃ ላይ በርበሬ ብሎ እንደመጻፍ ነው፤ ውስጡ ያው ሽሮ ነው። እንዲያውም ቅጥያውን አይቶ መንገድ የሚመርጥ ፕሮግራም ከሆነ ጭራሽ ያሳስተዋል። ስሙን አስቀድመው ቀይረውት ከሆነ ወደ ቀድሞው ይመልሱት።

መፍትሄው ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ላይብረሪ መጫን ነው። ዊንዶውስና ማክ ላይ ከኦዳሲቲ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ይወርዳል። ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ላይብረሪስ ውስጥ ገብተው ዳውንሎድ የሚለውን ይጫኑ፣ የወረደውን ይጫኑት፣ ኦዳሲቲን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ። ጭነውትም አላገኘሁትም ካለ ሎኬት በሚለው ያለበትን ቦታ ያሳዩት። እዚህ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት የቢት አለመመሳሰል ነው፦ ኦዳሲቲው 64 ቢት ከሆነ ኤፍኤፍኤምፔጉም 64 ቢት መሆን አለበት፤ 32ቱን ቢጭኑ ያለ አይመስለውም። ሁሉም ተሟልቶ የቴሌግራሙ ኦጂጂ አሁንም ካንገራገረ፣ ፋይል መክፈቻው መስኮት ውስጥ የፋይል ዓይነት የሚመረጥበትን ቦታ ወደ ኤፍኤፍኤምፔግ ፋይሎች ቀይረው ይክፈቱት።

ላይብረሪውን መጫን የማይቻልበት ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ፣ የቢሮ ወይም የኢንተርኔት ካፌ ማሽን እንበል፣ ቪኤልሲ ራሱ ይቀይርልዎታል። ኮንትሮልና አር፣ አድ፣ ፋይሉን ይምረጡ፣ ኮንቨርት፣ ፕሮፋይሉን ኦዲዮ ሲዲ ያድርጉ፣ የሚወጣውን ፋይል ስም በዌቭ ቅጥያ ይጨርሱት። ፋይሉ በብዙ እጥፍ ይገዝፋል፤ ጥራት ግን አልጨመረም። በተለይ ተራው ኤኤምአር የሚቀዳው በ8,000 ኸርዝ ስለሆነ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ መጀመሪያውኑ አልተያዘም፤ ኢኳላይዘር ቢገፉበት የሚያመጣው ሹክሹክታና ጫጫታ ብቻ ነው።

ስሙ የድምፅ ፋይል ነው፣ መጠኑ ኢምንት ነው፣ ማንም አይከፍተውም

በኖትፓድ ይክፈቱት። በላቲን ፊደል የተጻፈ የድረ ገጽ ኮድ ከታየ የወረደው ድምፁ ሳይሆን ማውረጃው ገጽ ነው። መልሰው ያውርዱት።

የሲዲኤ ቅጥያ ያላቸው 44 ባይት ፋይሎች ከድሮ የመዝሙር ወይም የዘፈን ሲዲ ላይ በኮፒ የተወሰዱ ናቸው። ሲዲው ላይ ትራኩ የት እንደሚጀምር የሚጠቁሙ ምልክቶች እንጂ ድምፅ የለባቸውም። ሲዲውን መልሰው አስገብተው ሲዲ ወደ ፋይል በሚገለብጥ ፕሮግራም ሪፕ ያድርጉት፣ ማለት ትራኩን የድምፅ ፋይል አድርገው ያውጡት።

ዋንድራይቭ ወይም አይክላውድ ውስጥ ያለ፣ ጎኑ ላይ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ደግሞ ስሙ እንጂ ሰውነቱ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። መጀመሪያ አውርደው ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት።

የፕሮጀክት ፋይልን እንደ ድምፅ መላክም የተለመደ ነው። ኤዩፒ የሚባለው የድሮው የኦዳሲቲ ፕሮጀክት ድምፁን የያዘው አጠገቡ ያለ «ዳታ» ብሎ የሚጨርስ ፎልደር ውስጥ ነበር፤ ኤዩፒውን ብቻ የላከልዎት ሰው ድምፁን እቤቱ ትቶታል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ባለው ኤዩፒ3 ድምፁም አብሮ አንድ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ኮምፒውተሩ በድንገት ከጠፋ በኋላ አጠገቡ በዋል የሚጨርስ ተጨማሪ ፋይል ካዩ አይሰርዙት፤ የመጨረሻዎቹ ለውጦች እሱ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱን ሳይለያዩ ይክፈቱ ወይም ያዛውሩ።

የእጅ መቅጃው ባትሪ አልቆበት ወይም መብራት ጠፍቶ የተቋረጠ ዌቭ

መጠኑ ሙሉ ነው፣ ኦዳሲቲ ግን ባዶ ነው ይላል፣ ወይም ርዝመቱን 0 ያሳያል። ምክንያቱ ይህ ነው። ዌቭ ፋይል መጀመሪያው ላይ ራስጌ አለው፤ በቀላሉ ዓይነት 44 ባይት ነው። ራስጌው ውስጥ የድምፁ ርዝመት በባይት ይጻፋል። መቅጃው ይህን ቁጥር የሚሞላው ስቶፕ ሲጫኑ ነው። ስቶፕ ሳይጫን ኃይል ከጠፋ ድምፁ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ቁጥሩ ግን 0 ሆኖ ቀርቷል።

መጀመሪያ ባትሪውን ሞልተው ካርዱን እዚያው መቅጃ ውስጥ መልሰው ያብሩት፤ አንዳንድ መቅጃዎች የተቋረጠውን ፋይል ራሳቸው ይጠግናሉ። ካልሆነ ኦዳሲቲ ላይ ፋይል፣ ኢምፖርት፣ ሮው ዳታ ይሂዱ። ይህ መንገድ ራስጌውን ከነጭራሹ አያምንም፤ ሁሉንም የሚነግሩት እርስዎ ነዎት። ኢንኮዲንጉ ሳይንድ 16 ቢት ፒሲኤም (ወይም መቅጃው 24 ላይ ከነበረ 24)፣ የባይት ቅደም ተከተሉ ሊትል ኤንዲያን፣ ቻናሉ መቅጃው እንደነበረበት 1 ወይም 2፣ ስታርት ኦፍሴት 44፣ ሳምፕል ሬቱ 44,100 ወይም 48,000።

ከማጫወትዎ በፊት የድምፅ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ፣ ሄድፎን ካደረጉ ያውልቁት። ግምትዎ ከተሳሳተ የሚወጣው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው።

ስህተቱ ራሱ ምን እንደሆነ ይናገራል። ንግግሩ ይሰማል ግን በግማሽ ፍጥነት ጎርንኖ ከሆነ ስቴሪዮውን ሞኖ ብለውታል። ትንሽ ብቻ ከዘገየና ከወፈረ 48,000 የነበረውን 44,100 ብለውታል። ሙሉ በሙሉ ጩኸት ከሆነ ቢቱን ይቀይሩ። ቢቱ ልክ ሆኖም ከጮኸ ንባቡ ከባይቶቹ ድንበር ላይ ተንሸራትቷል፤ ኦፍሴቱን 45፣ ካልሆነም 46 አድርገው ይሞክሩ። መጀመሪያው ላይ አጭር ጠቅታ ብቻ ከተሰማ ራስጌው ከ44 ባይት በላይ ነበር ማለት ነው፤ ያችን ቆርጦ መጣል ነው። ሲስተካከል እንደ አዲስ ዌቭ ኤክስፖርት ያድርጉት።

ካርዱ ላይ መጠኑ 0 ኪሎባይት የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ድምፁ ካርዱ ላይ ሊኖር ይችላል፤ የፋይል ዝርዝሩ ላይ ግን አልተመዘገበም። በዚያ ካርድ ላይ አንድም ነገር አይቅዱ። ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን አስሶ ያወጣል፤ ያገኘውን ሌላ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ያድርጉ።

ስልኩ እየቀዳ ሳለ የጠፋ ኤም4ኤ

እንደ ዌቭ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አይደለም። ኤም4ኤ የትኛው ድምፅ የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ በተለምዶ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ያ ካልተጻፈ ቪኤልሲም ኤፍኤፍኤምፔግም አይከፍቱትም፣ በሮው ዳታም ጩኸት ብቻ ይወጣል፣ ምክንያቱም ውስጡ የታመቀ ነው። ያለው ተስፋ አንትራንክ የሚባል ፕሮግራም ነው። እሱም ናሙና ይፈልጋል፤ በዚያው ስልክ፣ በዚያው አፕ፣ በዚያው ሴቲንግ አንድ ደቂቃ ያህል ቀድተው በትክክል ዘግተው ይስጡት። ሁልጊዜ አይሳካም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ዕድል የሌለውን ነገር፣ ቃለ መጠይቅ ወይም ሽምግልና፣ በስልክ ሲቀዱ አፑ ዌቭ የሚፈቅድ ከሆነ ዌቭ መምረጥ የሚሻለው።

ሌሊቱን የተቀዳ ማኅሌት የ14 ደቂቃ ሆኖ ሲከፈት

የተለመደው ዌቭ ርዝመቱን የሚጽፍበት ቦታ ከ4 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችልም። በ44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት ስቴሪዮ ይህ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት ደግሞ 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ሲያልፍ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በመጀመሪያው አቀዳድ የ7 ሰዓት ፋይል 14 ደቂቃ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ድምፁ አልጠፋም፤ ከላይ በተነገረው በሮው ዳታ መንገድ ሁሉም ይገባል። ኤክስፖርት ሲያደርጉ ግን ወይ ከፋፍለው፣ ወይ በፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የሚያምቅ ዓይነት)፣ ወይ በአርኤፍ64 (ከ4 ጊጋባይት በላይ የሚችል የዌቭ ዓይነት) ያውጡት።

ብዙ የእጅ መቅጃዎች ይህን ፈርተው 2 ጊጋባይት ላይ ፋይሉን ቆርጠው ሌላ ይጀምራሉ። ተከታዮቹን አብረው ካስገቡ በኋላ ሁሉንም መርጠው ትራክስ፣ አላይን ትራክስ፣ አላይን ኤንድ ቱ ኤንድ ቢሉ ተከታትለው ይደረደራሉ።

ፋይሉ ደህና ነው፣ ስሙ በአማርኛ ነው

ኦዳሲቲ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም አያስቸግረውም። የቆዩ የድምፅ ፕሮግራሞችና መቀየሪያዎች ግን ስሙን የጥያቄ ምልክት ክምር አድርገው ፋይሉ የለም ይላሉ። ዊንዶውስ ላይ ሙሉ አድራሻው ከ260 ፊደል ሲያልፍም ብዙ ፕሮግራሞች እንዲሁ ይሆናሉ፤ ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ በዚያ ላይ ረጅም የበዓል ስም ሲደራረብ ሳይታወቅ ይደርሳል። ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አውጥተው ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ያሳጥሩት። የፎልደሮቹም ስም፣ የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ስም ጭምር፣ አድራሻው ውስጥ ስለሚቆጠር የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ከሆነ ዴስክቶፕም አይበቃም፤ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ አዲስ ፎልደር ከፍተው እዚያ ያድርጉት።