ውሻ ሲነክስ፦ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረ ሰውነት ይህን ቫይረስ ማሸነፍ አያቅተውም። የሚያስቸግረው የቫይረሱ መደበቂያ ነው። በምራቅ ገብቶ ቁስሉ አካባቢ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነርቭ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ የመከላከያ ሕዋሳት በቅጡ አያገኙትም። ነርቩን ይዞ ወደ አንጎል ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል፤ ፊት፣ አንገት ወይም እጅ የተነከሰ ሰው ላይ ግን ሊፈጥን ይችላል።

መጀመሪያ ቁስሉን እጠቡ። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ፣ ሰዓት እያያችሁ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧ ከሌለ ሌላ ሰው በጆግ ያፍስስላችሁ። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን ስለሚያፈርሰው ይህ ብቻውን ብዙውን ቫይረስ ያስወግዳል፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ለቅለቅ አድርጎ ይተወዋል። ከታጠበ በኋላ አዮዲን ቀቡት። በርበሬ፣ አመድ ወይም የቡና ዱቄት አትነስንሱበት። ቁስሉ ወዲያው መሰፋትም የለበትም፤ መርፌው ቫይረሱን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል።

በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቆዳው ሳይደማ ከተጫረ ክትባት ብቻ ይበቃል። ጥርሱ ቆዳውን ከበሳ፣ ወይም ምራቁ የተከፈተ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ክትባትም ኢሙኖግሎቡሊንም (ተዘጋጅቶ የመጣ መከላከያ) ያስፈልጋል። ጤነኛ ቆዳ ከተላሰ መታጠብ ይበቃል።

ሁለቱ ለምን? ክትባቱ የሞተ ቫይረስ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት እሱን ለይተው በቂ ፀረ እንግዳ አካል (ቫይረሱን ይዞ የሚያከሽፍ ፕሮቲን) እስኪያመርቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳሉ። በእነዚያ ቀናት ቁስሉን የሚጠብቀው ተዘጋጅቶ የመጣው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ኢሙኖግሎቡሊን ነው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፦ ከሰው ደም የተሠራው በኪሎ 20 ዩኒት፣ ከፈረስ የተሠራው 40 ዩኒት። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 400 ወይም 800 ዩኒት መሆኑ ነው። የሚወጋው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው። ከልኩ ማለፍ የለበትም፤ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ያዳክማል። የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ 7 ቀን ካለፈም አይሰጥም፤ የራስ ምርት ጀምሯል።

ክትባቱ በጡንቻ ሲሰጥ የሚወሰደው በመጀመሪያው ቀን (ዜሮ ብላችሁ ቁጠሩት)፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ ከዚያም ከ14ኛው እስከ 28ኛው ባለው ጊዜ ነው። አምስት ዙር የሚሰጡ ተቋማትም አሉ፤ ካርዳችሁ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ትልቅ ሰው ክንዱ ላይ፣ ሕፃን ጭኑ ላይ ይወጋል። መቀመጫ ላይ ከተወጋ ስቡ ውስጥ ቀርቶ የሚገኘው መከላከያ አነስተኛ ይሆናል። ነፍሰ ጡርም ትከተባለች። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

ውሻውን አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። እሱን እየጠበቃችሁ ግን ክትባቱን አታዘግዩ። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ቀሪውን ሊያቋርጠው ይችላል።

ከዚህ ቀደም ሙሉውን የተከተበ ሰው ዳግም ቢነከስ ቁስሉን ታጥቦ በዜሮና በ3ኛው ቀን ሁለት ክትባት ብቻ ይወስዳል፤ ኢሙኖግሎቡሊን አያስፈልገውም። ቫይረሱን የሚያስታውሱ ሕዋሳት በደሙ ውስጥ ስላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምርቱን ያንሩታል።