በጤና ተቋም ውስጥ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃትን እንዴት ሪፖርት እናድርግ?

ታካሚዋ «ያለ አግባብ ነካካኝ» ካለችዎት ወይም የሥራ ባልደረባዎ የማይገባ ነገር ሲያደርግ ካዩ፣ ጉዳዩን ማጣራት የእርስዎ ሥራ አይደለም። ሪፖርት የማድረግ ግዴታ የሚጀምረው በቂ ምክንያት ካለው ጥርጣሬ እንጂ ከማረጋገጫ አይደለም። «እስኪ መጀመሪያ እሱን ላናግረው» የሚለው ቅንነት ተጠርጣሪውን ያነቃል፤ ማስረጃም ያስጠፋል።

1. ታካሚዋን ከተጠርጣሪው ያርቁ። በዚያ ፈረቃ ሌላ ባለሙያ ይከታተላት፤ ተጠርጣሪው ካርዷንም እንዳያገኝ ይደረግ።

2. ያዳምጡ። «ምን ተፈጠረ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። «እዚህ ጋ ነካሽ አይደል?» ዓይነት መሪ ጥያቄ በኋላ ቃሏን አጠራጣሪ ያደርገዋል። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡላት፤ ለማን መንገር እንዳለብዎት በግልጽ ያስረዷት።

3. ሕክምናውን አያዘግዩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ በ120 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን የበለጠ ይሠራል። ፈቃደኛ ከሆነች፣ ምርመራው እስኪደረግ ገላዋን ባትታጠብ ይመረጣል። እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ዲኤንኤውን ያበላሻል።

4. ከፈረቃዎ ሳይወጡ ይጻፉ። «ታካሚዋ ተረብሻለች» የሚል ማስታወሻ ለመርማሪ ምንም አይነግረውም። «ከሌሊቱ 8፡20 ላይ ‹መጋረጃውን ዘግቶ ጡቴን ያዘኝ› አለች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር» የሚለው ግን ይነግረዋል። የራስዎን ግምት አይጨምሩ። ሰዓት፣ ቀን፣ ስምና ፊርማ ይኑረው።

5. ሪፖርት ያድርጉ። የጊዜ ገደቡና ተቀባዩ አካል በየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ፖሊስ፣ የሕፃናት ጥበቃ ወይም የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካል ሊሆን ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለቅርብ አለቃ መንገር በብዙ ቦታ የግል ግዴታን አያስቀርም። የተቀባዩን ስም፣ ሰዓቱንና የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ።

6. የካሜራ ቅጂ፣ የተረኞች ዝርዝርና የበር መግቢያ መዝገብ እንዲጠበቁ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይጠይቁ። ካሜራው በራሱ ጊዜ አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀዳል።

ማደንዘዣ የወሰደች ታካሚ ስትናገር «ቅዠት ነው» ተብሎ ይታለፋል። መድኃኒቱ ቅዠት ሊያመጣ መቻሉ እውነት ነው፤ ራሷን መከላከል የማትችልበት ሰዓት መሆኑም እንዲሁ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው መርማሪው ነው፤ እርስዎ የሰጧትን መድኃኒት፣ መጠኑንና ሰዓቱን ጽፈው ያስተላልፉ።