አማርኛ መረጃ በሲስተም ውስጥ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የተማሪ መዝገብም ሆነ የባለጉዳይ ፋይል ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ቶሎ የሚጎዳው አማርኛው ነው። ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት የዳታቤዙን (የመረጃ ቋቱን) ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ይያዙ። ቀጥሎ ጉድለቱ በማሳያው ላይ ነው ወይስ በተቀመጠው መረጃ ላይ የሚለውን ይለዩ።

ፊደሉ ባዶ ሳጥን ከሆነ

መረጃው ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ይጫኑ። ድረ ገጽ ከሆነ ፎንቱን ከገጹ ጋር እንዲወርድ ያድርጉ።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከታየ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጽሑፉ ሲገባ ሰንጠረዡ ወይም ኮኔክሽኑ (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው መስመር) የግዕዝ ፊደል በማያውቀው የፊደል ኮድ፣ በላቲን 1፣ ስለነበረ በፊደሉ ቦታ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክቱ ነው። ከባክአፕ ወይም ከወረቀቱ እንደገና ከማስገባት ሌላ መንገድ የለም። እንዳይደገም፣ የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ፣ ዳታቤዙን፣ ሰንጠረዦቹን፣ ዓምዶቹንና ኮኔክሽኑን የግዕዝ ፊደልንም ወደሚይዘው ኮድ፣ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ ይቀይሩ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ኮኔክሽኑ ነው።

የሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል ሲከፈት ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ከሞሉት

ሲኤስቪ መረጃው በኮማ ተለያይቶ የሚቀመጥበት የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ኮድ የተጻፈ ሆኖ ሳለ ኤክሴል በሌላ ኮድ አንብቦታል። ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት። ባዶ ገጽ ከፍተው ከዳታ ሜኑ ‹ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ› የሚለውን ይምረጡና በፋይል ኦሪጅን ላይ 65001ን (የዩቲኤፍ-8 ቁጥር ነው) ይስጡት። የተበላሸውን ሴቭ ያደረገ ሰው ካለ ግን ዋናውን ፋይል እንደገና ማውጣት ይሻላል።

የተመዘገበ ሰው ተፈልጎ ካልተገኘ

መዝጋቢው ‹ኃይሉ› ብሎ ጽፎታል፤ ፈላጊው ‹ሀይሉ› ይላል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ውጤቱም አንድ ተማሪ ሁለት ጊዜ መመዝገቡ፣ ትራንስክሪፕቱም ለሁለት መከፈሉ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ስሞቹን በጅምላ ወደ አንድ አጻጻፍ ይለውጧቸዋል፤ ይህ ስህተት ነው፤ ስሙ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። ትክክለኛው መንገድ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ትቶ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ መጨመር ነው። በዚህ ዓምድ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እስከ ሳብዓቸው ድረስ ይለወጡ። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይጠቃለል። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ሕግ ካለፈ በኋላ ይነጻጸር።

የልደት ቀን አልገባ ካለ ወይም ዕድሜ ከተዛባ

ዓምዱ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 (በቁጥር ወር 2፣ ቀን 30) የጎርጎርዮስ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌላት፣ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ አይቀበልም። እነዚህስ ስህተቱን ያሳያሉ፤ አደገኛው በዝምታ የሚገባው ነው። መስከረም 5 ቀን 2000 ዓ.ም. እንዳለ ከገባ የልጁ ዕድሜ ከእውነተኛው ከሰባት ዓመት በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ ጎርጎርዮሳዊው ቀን ይቀመጥ፤ ቅጹ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላ፤ ለውጡን ፕሮግራሙ ይሥራ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመር ለውጥ አይባልም። ፕሮግራሙን በሁለት ቀኖች ይፈትኑት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ደግሞ ማርች 9 ቀን 2024 መሆን አለበት። ካልገጠሙ ጳጉሜን 6 ቀን የሚሆንበት የዘመነ ሉቃስ ስሌት ተዘሎ ሊሆን ይችላል።

ስም መሃል ላይ ከተቆረጠ

የዓምዱ ርዝመት የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በባይት (በኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ሊሆን ይችላል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 20 ባይት የሚያስቀምጠው 6 ፊደል ብቻ ነው። ርዝመቱን በፊደል እንዲቆጥር ያድርጉ፤ ካልሆነ በሦስት ያባዙት።

ለወላጅ የሚላክ አጭር መልእክት ወጪው ከናረም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስምና ሰላምታውን ቀንሰው መልእክቱን በ70 ውስጥ ያስገቡት።