ግራኝ ተኳሽና የሽጉጥ ቁልፎች፦ ችግርና መፍትሄ

አብዛኛው ሽጉጥ የተሠራው በቀኝ እጁ ለሚተኩስ ሰው ነው። የካዝና (የጥይት መያዣው) መልቀቂያው፣ የስላይድ (ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት) ማቆሚያውና ሴፍቲው (እንዳይተኮስ የሚቆልፈው) በግራ ጎን ይደረደራሉ፤ የቀኝ እጅ አውራ ጣት የሚያርፈው እዚያ ነዋ። የግራኝ አውራ ጣት ግን በቀኝ ጎን፣ ምንም በሌለበት ብረት ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ችግር በአብዛኛው መነሻው አንድ ነው፦ አውራ ጣትን እዚያ ለማድረስ ተብሎ አያያዝ ይቀየራል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። አያያዛችሁን አትንኩ፤ ሥራውን ለሌባ ጣት ስጡት።

ስትለማመዱ ሽጉጡ ባዶ ይሁን። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ። ቀጥሎ ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይን እዩ፣ በጣትም ዳስሱ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱ ከተሳበ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹን ከምትለማመዱበት ክፍል አውጧቸው። አፈሙዙም ሁልጊዜ ወደማያሰጋ አቅጣጫ ይዙር።

ካዝናውን ለማውጣት ሽጉጡን በእጄ ላይ ማዞር አለብኝ

መልቀቂያው ከቃታ ከለላው ኋላ በግራ ጎን ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት። ግራኙ በአውራ ጣቱ ሊደርስባት ሲል እጀታውን ያላላል፣ ሽጉጡ ይሽከረከራል፣ አፈሙዙም ወዳልታሰበ ቦታ ይዞራል። ትልቁ አደጋ ይሄ ነው።

መፍትሄው ቁልፏን በሌባ ጣት መጫን ነው። ጣታችሁ ከቃታው ውጭ በብረቱ ጎን ተዘርግቶ ሲያርፍ ቁልፏ ከሥሩ ናት። ጣቱን ወደ ኋላ እጠፉትና በጫፉ ተጫኗት። ሌሎቹ ሦስት ጣቶች አይንቀሳቀሱም። ጣታችሁ አጭር ከሆነ የመሃል ጣትን ሞክሩ። አንድ ጥሩ ነገርም አለው፦ ካዝና በምትቀይሩበት ጊዜ ሌባ ጣት ሥራ ላይ ስለሆነ ቃታው ላይ ሊሆን አይችልም። ተጭኖ ሲጨርስ ግን ወደ ቃታው ሾልኮ እንዳይገባ፣ መልሳችሁ በብረቱ ጎን ዘርጉት።

ቁልፏን ወደ ቀኝ ማዞር የሚቻልባቸው ሽጉጦችም አሉ። ግሎክ ከ4ኛው ትውልድ ጀምሮ እንዲህ ነው። ኤችኬ ዩኤስፒ በሁለቱም ጎን የሚጫን መልቀቂያ አለው። ማካሮቭ ደግሞ መልቀቂያው ከእጀታው ግርጌ ስለሆነ ለግራኝም ለቀኝም እኩል ነው።

ቁልፉን ወደ ቀኝ ካዞርኩ ወዲህ ካዝናው አይያዝም

ካዝናውን አውጥታችሁ ሁለቱንም ጎኖቹን ተመልከቱ። ቁልፉ የሚነክስበት ቀዳዳ በአንድ ወገን ብቻ ካለ ችግሩ እሱ ነው። የግሎክ የቀድሞ ትውልድ ካዝናዎች እንዲህ ናቸው፤ ቁልፉ ሲዞር የሚነክሰው ነገር ያጣል። በሁለቱም ወገን የተቀደደ ካዝና ግዙ፣ አለዚያ ቁልፉን ወደ ቦታው መልሱት። አሮጌውን ፍቆ ለማስተካከል መሞከር አያዋጣም።

ስተኩስ ካዝናው በራሱ ይወርዳል

እጃችሁ ትልቅ ከሆነ የሌባ ጣታችሁ ሥር ቁልፏን እየተጫነ ነው። ባዶውን ሽጉጥ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ከጎን እዩት፤ ሥጋው ቁልፏ ላይ ሲተኛ ታያላችሁ። ረዘም ያለ ቁልፍ የተገጠመ ከሆነ አጭሩን አስገጥሙ። አፎት ውስጥም የሚላላ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ሽጉጥ በግራ ወገብ ላይ ሲታጠቅ ግራ ጎኑ ወደ ውጭ ስለሚሆን ቁልፏ ከመቀመጫና ከበር ጋር ትጋጫለች። ለግራኝ የተሠራና ቁልፏን የሚሸፍን አፎት ያስፈልጋችኋል።

ስላይዱን መልቀቅ ያስቸግረኛል፤ አንዳንዴም ጥይቱ በትክክል አይጎርስም

ማቆሚያዋን መፈለግ ተዉት። ቀኝ እጃችሁን ከላይ አምጥታችሁ የስላይዱን የኋላ ክፍል ጨብጡ፣ እስከ መጨረሻው ሳቡ፣ ከዚያ ልቀቁት። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው፣ ቀለሃ የሚወጣበት መስኮት በቀኝ ጎን ስለሆነ የቀኝ እጅ መዳፍ በቀላሉ ይሸፍነዋል። ከመስኮቱ ኋላ ያዙ። ሁለተኛው፣ እጅ ስላይዱን ይዞ ወደ ፊት ይሸኘዋል፤ ስፕሪንጉ ጉልበት ያጣና ጥይቱ በከፊል ይቀራል። እጃችሁ በሳበበት አቅጣጫ ይሂድ፣ ስላይዱን ስፕሪንጉ ይመልሰው።

ሴፍቲው ላይ አልደርስም

ይሄኛው በብልሃት ብቻ አይፈታም። እንደ ኮልት 1911 ያለ ሽጉጥ በተለመደው አሠራሩ ሴፍቲው በግራ ጎን ብቻ ነው። አንዳንዱ ግራኝ አውራ ጣቱን ከስላይዱ ኋላ አሻግሮ ይጫነዋል። በፍጹም አታድርጉት! ጣቱ እዚያ ቆይቶ ከተተኮሰ ስላይዱ ይመታዋል፣ ይቆርጠዋልም። በሌባ ጣት ወደ ታች ማውረድ ይቻላል፤ ወደ ላይ መመለሱ ግን ያስቸግራል። ጣቱም ከቃታው አጠገብ ስለሚሠራ ልማዱን አልወደውም። ትክክለኛው መፍትሄ በሁለቱም ጎን የሚሠራ ሴፍቲ በጦር መሣሪያ ጠጋኝ ማስገጠም ነው። ገና የምትገዙ ከሆነ ደግሞ እንደ ቤሬታ 92ኤፍኤስ በሁለቱም ጎን ሴፍቲ ያለውን ምረጡ። በቤት ውስጥ በሞረድ አትነካኩት፤ ሴፍቲ በመጠኑም ቢሆን ከተዛባ ሥራውን አይሠራም።

ቀለሃው ፊቴን ይመታኛል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላላ የእጅ አንጓ ነው። ክንዳችሁን አጽኑ። መነጽር አድርጉ፣ ኮሌታችሁን ዝጉ። ትኩስ ቀለሃ አንገት ሥር ቢገባ እንኳ ጣታችሁን ከቃታው አውጥታችሁ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞራችሁ ሽጉጡን አስቀምጡ። አያያዛችሁ ጸንቶ ችግሩ ከቀጠለ ቀለሃ ማውጫውን ባለሙያ ይይላችሁ።

ጥይቴ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይሄዳል

ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ሰዎች በዚሁ ስህተት ወደ ግራና ወደ ታች ይመታሉ፤ ስለዚህ ለእነሱ የተዘጋጀውን ምክር ገልብጣችሁ አንብቡ። ቃታውን ስትስቡ መላው እጅ አብሮ እየጨበጠ ነው። በባዶ ሽጉጥ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ማነጣጠሪያው ሳይናወጥ ቃታው መውረድ አለበት።

ይሄም ካላስተካከለው ዓይናችሁን መርምሩ። ግራኝ ሆኖ ቀኝ ዓይኑ የሚመራው ሰው ብዙ ነው። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ክፍተት ሥሩ፤ በዚያ በኩል ሩቅ ያለ ነገር እዩና ዓይኖቻችሁን በየተራ ጨፍኑ። ነገሩ ከክፍተቱ ሳይወጣ የሚያየው ዓይን መሪው ነው። ቀኙ ከሆነ እጅ መቀየር አያስፈልግም። ሽጉጡን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ዓይን ፊት አምጡት፣ ወይም ፊታችሁን ወደ ግራ ዘወር አድርጉ።

ሪቮልቨሩን ማጉረስ ያዘገየኛል

በአብዛኛው ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚዞር ከበሮ የሚሞላ ሽጉጥ) ከበሮው ወደ ግራ ነው የሚከፈተው። ሽጉጡን ወደ ቀኝ እጅ አሸጋግሩ፣ በቀኝ አውራ ጣት መክፈቻውን አንቀሳቅሱ፣ በቀኝ ሌባ ጣት ከበሮውን ወደ ግራ ግፉት። ግራ እጃችሁ ጥይቱን ይሙላ። መክፈቻው በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደ ፊት ይገፋል፣ በኮልት ወደ ኋላ ይሳባል፣ በሩገር ወደ ውስጥ ይጫናል።