ደጋግሞ የሚመለስ ብልሽት እንዴት ይያዛል?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። የአውሮፕላን ጥገና ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቁት ነው፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላልተቻለ በረንዳ ላይ ወጣን። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ የመጣችበትን ነገር አወጣችው።

«ጋሼ፣ አንድ አውሮፕላን አለ። የጭነት በሩ ተዘግቶ እያለ "ክፍት ነው" የሚል መብራት ይበራል። ሦስት ጊዜ ሠርተን ለቀቅነው። ሦስት ጊዜም በዚያው ችግር ተመለሰ። ምን ይሻላል?»

እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በአንድ ባለሁለት ሞተር ጄት ሦስት ወር ከተሰቃየሁ በኋላ ነው። እዚያ በረንዳ ላይ የነገርኳትን ነው የምጽፈው። ለእሷ ስለሆነ «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ወንዶቹም ለራሳችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ፣ አውሮፕላኑን ስም አታውጪለት። እኛ ያንን ጄት «አመለኛው» እንለው ነበር። ስሙ ከወጣለት በኋላ ብልሽቱ ሲመለስ ማንም አይደነግጥም። «እሱ እኮ አመሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ብረት አመል የለውም። ያልተገኘ ምክንያት ነው ያለው። አንድ ሙሉ የአውሮፕላን ዓይነት ስሙ ሲጠፋም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ቦይንግ 787 በሊቲየም ባትሪው ምክንያት በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ ነበር። በባትሪው ክፍሎች መካከል መከላከያ ተጨመረ። ባትሪው በብረት ሳጥን ተከደነ። ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦም ተሠራለት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 2013 መንገደኛ ጭኖ ወደ ሥራ የተመለሰው የመጀመሪያው 787 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፤ በረራውም ወደ ናይሮቢ ነው። በዚያ ዘመን ሀንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ የነበረ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም።

ወደ እኔው ጄት ልመለስ። ችግሩ ብሊድ ላይ ነበር። ብሊድ ማለት ከሞተሩ የሚወሰድ የታመቀ ትኩስ አየር ነው። የመንገደኛው ክፍል የሚተነፍሰው፣ ክንፉ በረዶ እንዳይዝ የሚሞቀው በዚህ አየር ነው። አየሩ በጣም ስለሚያቃጥል መጀመሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል። እኛ ጄት ላይ ሙቀቱ 254 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ሲስተሙ ራሱ ቫልቩን ዘግቶ ፓይለቱ ፊት መብራት ያበራል። የእኛው ከተነሣ በኋላ ሽቅብ ሲወጣ የግራው መብራት ቦግ ይላል። ፓይለቱ ትንሽ ቆይቶ ሪሴት ሲያደርገው ይመለሳል። በማግስቱ ደግሞ ያው።

እኛስ ምን አደረግን? የማቀዝቀዣውን ቫልቭ ቀየርን። ከአራት ቀን በኋላ ተመለሰ። የግፊት መቆጣጠሪያውን ቀየርን። ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። ቴርሞስታቱን ቀየርን። እሱም አልፈወሰውም። ሦስት ፓርት፣ ሦስት ፊርማ። ሦስቱም ጊዜ መዝገቡ ላይ የሰፈረው «መሬት ላይ ተፈትሾ ደህና ሆኗል» የሚል ነው። ያወጣናቸው ፓርቶች ወርክሾፕ ሄደው «ብልሽት አልተገኘባቸውም» ተብለው ተመለሱ። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ከሰማሽ እጅሽን ከፓርት ላይ አንሺ። ቦታው ተስቷል ማለት ነው።

መዝገቡን ወደ ኋላ አንብቢ

ከሁሉም ሥራ የሚበልጠው ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን አያደርገውም፤ እጅ ስለማያቆሽሽ ሥራ አይመስለውም። የሦስት ወሩን ሎግ ቡክ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩበት። አንድ ወረቀት በመስመር ከፋፈልኩ። ቀን፣ የበረራው ደረጃ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የሞተሩ ጉልበት፣ በዚያ ሳምንት የተነካ ነገር። ይህን የመጨረሻውን አትዝለይው። የዛሬ ብልሽት ከወር በፊት ሌላ ሥራ ሲሠራ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል።

አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፎ አገኘሁት። ዘጠኙ ሽቅብ ሲወጣ ነው። አንዱ ሲወርድ ነው። አንዱ ግን መሬት ላይ፣ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ወደ ማቆሚያው ሲሄድ። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ነው። በዚያ ጉልበት ያ አየር 254 ዲግሪ የሚደርስበት መንገድ አልታየኝም። ስለዚህ ያን ቀን መብራቱን ያበራው ሙቀት አይደለም። ይህች አንዲት መስመር ለሁለት ወር ያህል እዚያው ተጽፋ ነበር። ሁላችንም አልፈናታል። ከአሥሩ ጋር ስላልተመሳሰለች «የተሳሳተ ሪፖርት ነው» ብለን። አንቺ ከብዙዎቹ ያልተመሳሰለችዋን ፈልጊ።

ፓይለቱን አግኝተሽ ጠይቂ

ሎግ ቡክ ላይ የሚጻፈው አጭር ነው። ካፒቴኑ ደክሞታል፣ መንገደኛ እየወረደ ነው፣ ሌላ በረራም ይጠብቀዋል። «የግራ ብሊድ ጠፋ» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ደውዪ፤ ካልሆነም ሲመጣ ጠብቂው። «ምን ሆነ?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ፤ ያንኑ የጻፈውን ነው የሚደግምልሽ። ድንገት በራ ወይስ ሌላ ነገር ቀድሞት ነበር? የግፊቱ መርፌ የት ነበር? የበረዶ መከላከያው በርቶ ነበር? ጉልበት እየጨመርክ ነበር ወይስ እየቀነስክ? በዚያች ሰከንድ እጅህ ምን ላይ ነበር? እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ጥፋተኛ የምትፈልጊ ከመሰልሽው ግን አፉን ይዘጋል።

ያቺን የመሬት ላይ ሪፖርት የጻፈውን ካፒቴን አገኘሁት። ትንሽ አሰበና «ጎማው የኮንክሪቱን መጋጠሚያ ሲመታ ነው የበራው» አለኝ። ፀጉሬ ቆመ። ንዝረት ነው! ሽቅብ ሲወጣም ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ስለሚሠራ ይንቀጠቀጣል። ሙቀትና ንዝረት አብረው ስለሚመጡ ሁልጊዜ ሙቀቱን ስንወቅስ ከርመናል።

መብራቱ ዋሽቷል ለማለት ግን አትቸኩዪ። እዚሁ አዳማ የጅቡቲ መስመር የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። የአይሱዙው የሙቀት መብራት ደጋግሞ ሲበራበት አንድ ጋራዥ «ሴንሰሩ ነው» ብሎ ሽቦውን ነቀለለት። ሴንሰሩ እውነቱን ነበር። አዋሽ ሳይደርስ የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፣ ቴስታውም ተጣመመ። ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነው የምትዪው በሌላ መለኪያ ካረጋገጥሽ በኋላ ብቻ ነው። እኛም ሞተሩን መሬት ላይ አስነሥተን ሙቀቱን በተለየ መሣሪያ ለካነው። ከገደቡ በታች ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሽቦው የሄድነው።

ሽቦውን በዓይንሽ ተከተዪው

ኤሌክትሪኩን አጥፊ፣ ብሬከሩን ጎትተሽ ማስጠንቀቂያ አንጠልጥዪበት። የሽቦውን ሥዕል ከማኑዋሉ አውጪ። ከዚያ ከሴንሰሩ ተነሥተሽ እስከ መጨረሻው በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ተከተዪው። መስታወቱን አትናቂ። ብልሽት የሚደበቀው ፊት ለፊት በማይታየው በኩል ነው። ሽቦ የብረት ጠርዝ የሚያልፍበትን፣ ክላምፕ (የሽቦ ማቀፊያ) የያዘውን፣ የሚታጠፍበትን ቦታ ለይተሽ እዪ። ኮኔክተሩን (የሽቦ መጋጠሚያውን) ስትከፍቺ ወደ ኋላ የተገፋ ፒን፣ አረንጓዴ ዝገት፣ እርጥበት ፈልጊ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አገናኝተሽ ሽቦውን በቀስታ አወዛውዢው። በቀስታ! በኃይል የሚጎትት ሰው አዲስ ብልሽት ይጨምራል።

በሁለተኛው ሌሊት አገኘነው። ከአንድ ክላምፕ ጀርባ ጎማው ተበልቶ አልቋል። የሽቦው ልባስ ተልጦ የጤፍ ፍሬ የምታክል መዳብ ታበራለች። ስትንቀጠቀጥ ብረቱን ትነካለች። ስትነካ ሲስተሙ «ሞቋል» ብሎ ያነባል። ሦስት ውድ ፓርት የቀየርነው ለዚያች ነገር ነበር። አብሮኝ የነበረው ልጅ ባትሪውን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ሽቦ ላይ የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ያልነበረበት አንድ የቆመ 787 ተቃጥሎ ነበር። የእንግሊዝ መርማሪዎች የደረሱበት ነገር የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ባትሪ ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው መገኘታቸው ነው። ክዳን ስትዘጊ ጣትሽን ዙሪያውን አስኪጂ።

የግራውን ወደ ቀኝ ስለመቀየር

አንዳንዱ ብልሽት በዚህ መንገድ ይለያል። የግራውን ፓርት ወደ ቀኝ አዛውሪ። ብልሽቱ አብሮት ከሄደ ፓርቱ ነው። ግራ ከቀረ ፓርቱ አይደለም። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ሁለት ነገር አብረሽ ከቀየርሽና ከዳነ የትኛው እንዳዳነው አታውቂም። ማኑዋሉ የሚፈቅደው መሆኑንም አስቀድመሽ እዪ።

ሁለቱንም ሞተር በአንድ ሌሊት አንድ ሰው እንዳይነካ ደግሞ አደራ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1983 የኢስተርን አየር መንገድ ሎክሂድ ትራይስታር ከማያሚ ወደ ናሶ እየበረረ ሳለ ሦስቱም ሞተሮቹ ዘይት አፈሰሱ። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ተሠርቶ ነበር፤ በሦስቱም ላይ ኦሪንጎቹ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉት ቀለበቶች) አልገቡም። አንዱ ሞተር እንደገና ተነሥቶ 172 ሰዎች በሰላም ማያሚ አረፉ። ያን ሞተር እግዜር ነው ያስነሣው እላለሁ።

ስለ ጊዜ

ችግሩን ለሌላ ቀን ለማሳደር ኤም ኢ ኤል (ምን ሳይሠራ እስከ መቼ መብረር እንደሚቻል የሚወስነው ዝርዝር) ይፈቅድልሻል። ለምድብ ቢ 3 ቀን፣ ለሲ 10 ቀን፣ ለዲ 120 ቀን ነው። ቀኑን ተጠቀሚበት እንጂ አትተኚበት። ጠዋት መነሻ አለው እየተባለ በአርባ ደቂቃ የሚሠራ ሥራ ይህን ዓይነት ብልሽት አያገኝም። አለቃሽን አንድ ሙሉ ሌሊት ጠይቂ። ወረቀትሽን ይዘሽ ግቢ። «ሦስት ፓርት ቀይረናል፣ ሦስቱም ደህና ተብለው ተመልሰዋል» በዪው። እኔ እንዲህ ስል ሁለት ሌሊት ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት በልመና ብቻ ነበር የቆየሁት።

ሺፍት ሲያልቅ የከፈትሽውን ሁሉ ጽፈሽ ሂጂ። በቃል አትተዪው። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የኮንቲኔንታል ኤክስፕረስ አውሮፕላን ከጭራው ክንፍ ላይ 47 ብሎኖች እንደተፈቱ ቀርተው ሲበር ተበታተነ። የፈታው ሺፍት ለገባው ሺፍት በደንብ አላስተላለፈም ነበር። 14 ሰዎች ሞቱ። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

ስትጨርሺ የምትጽፊው

«ተሠርቷል» ብለሽ አትፈርሚ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው ምንም አያገኝበትም። ያየሽውን፣ የት እንዳየሽው፣ በየትኛው የማኑዋል ክፍል እንደሠራሽው፣ እንዴት እንደፈተሽው ጻፊ። ያልደረስሽበትን ቦታም ጻፊ። እኔ የትኛው ክላምፕ እንደሆነ ከነቁጥሩ፣ ሽቦው ምን ያህል እንደተቀየረ፣ ከብረቱ ምን ያህል እንደራቀ ጻፍኩ። የቀኝ ሞተሩን ተመሳሳይ ቦታ ሌላ ቴክኒሻን በሌላ ሌሊት እንዲያየው አስመዘገብኩ። እዚያም ጎማው መበላት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ተከታተዪው። የአውሮፕላኑን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ ያዝኩ። በገባ ቁጥር ሎግ ቡኩን እከፍታለሁ። ሃያ በረራ ቆጠርኩ። የግራ ብሊድ የሚል ቃል አልነበረም። «አመለኛው» የሚለውን ስም ለማስቀረት ግን ገና ብዙ ወር ፈጀብኝ።

የእህቴ ልጅ ያንን ባለመስመር ወረቀት በስልኳ አንሥታ ማታውኑ ተመለሰች። ረቡዕ ማታ ደወለች። በጣም ትቸኩላለች። መዝገቡን አምስት ወር ወደ ኋላ ሄዳ አሥራ አራት ሪፖርት ለቅማለች። አሥራ ሁለቱ ዝናብ ጥሎ ባደረበት ማግስት ነው። «ሁለቱስ?» አልኳት።

«ሁለቱ አውሮፕላኑ በታጠበበት ቀን ነው» አለች። «ጋሼ፣ የበሩን ኮኔክተር ልከፍት ነው። መስታወት ይዣለሁ።»